ዊች፦ ያልተቋጨው የዛምቢያ ሮክ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የዛምቢያ ባንድ ዊች፣ ዛምሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ ከከረመ በኋላ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ይጫወታል። እንዲህ ያለውን መመለስ ብዙ ሰው ትዝታን እንደ መሸጥ ያየዋል። ዊች ግን የተበተነው የሚለው ነገር አልቆበት አይደለም፤ አገሩን የመታው መከራ እሱንም ስለመታው ነው። ስለዚህ መመለሱን ከመንገድ የቀረን ሥራ እንደ መጨረስ ማየት ይቀናል።

ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ ኢኮኖሚዋ የቆመው በመዳብ ላይ ነበር። እንደ ኪትዌና ንዶላ ባሉ የማዕድን ከተሞች ደመወዝ የሚያገኝና ሙዚቃ የሚወድ ወጣት ሞልቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ በሬዲዮ ከሚተላለፈው ሙዚቃ 95 በመቶው የአገር ውስጥ እንዲሆን ሲያዙ ደግሞ ለባንዶቹ በር ተከፈተላቸው። ዊች «ኢንትሮዳክሽን» የተባለውን አልበም አሳትሞ፣ በ1975 ደግሞ «ሌዚ ቦንስ»ን አወጣ። በዚህ አልበም የክሪስ ምቤዌ ጊታር በፈዝ ድምፅ ሻክሮ ያጉረመርማል፤ ድራሙና ቤዙ ረጋ ብለው ይዘውታል፤ በላዩ የዘፋኙ ኢማኑኤል ቻንዳ ድምፅ ይገባል። ቻንዳ «ጃጋሪ» የተባለው በሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገር ስም ነውና፣ ሙዚቃው የተቀዳ ነው የሚል ክርክር ይነሣል። መነሻው መቅዳት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የዛምሮክ ባንዶች ከውጭ የሰሙትን በአገራቸው ምት መልሰው ሠርተውታል፤ በቤምባና በኒያንጃም ዘፍነዋል። ጅማሬው ላይ ብቻ ቆሞ የሚፈርድ ሰው የደረሱበትን ሳያይ ይቀራል።

ውድቀቱም ከመዳብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲያሽቆለቁል የአገሪቱ ኪስ ተራቆተ። በጎረቤት አገሮች በሚካሄደው የነፃነት ጦርነት ምክንያት ሰዓት እላፊና የመብራት ማጥፋት ትእዛዝ መጣ፤ አምሽቶ የሚጫወት ባንድ ሥራውን ወደ ቀን ለማዞር ተገደደ። ጃጋሪ በ1977 ባንዱን ትቶ ወደ ማስተማር ገባ፤ ኋላም የከበሩ ድንጋዮች ቁፋሮ ላይ ተሰማራ። የቀሩት በ1980ዎቹ ወደ ዲስኮ ዞሩ። ከዚያ ኤድስ መጣ፤ የዛምሮክን ትውልድ አጨደው። ከዊች ቀደምት አባላት በሕይወት የቀረው ጃጋሪ ብቻ ነው።

በ2012 ናው-አጌይን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የባንዱን ሸክላዎች ሰብስቦ እንደገና አወጣ። ጃጋሪም ከአውሮፓ ወጣት ሙዚቀኞችና በ1980ዎቹ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ከነበረው ፓትሪክ ምዎንዴላ ጋር ወደ መድረክ ተመለሰ። ታዲያ አንድ ቀደምት አባል ብቻ ያለበት ቡድን በዊች ስም መጠራት ይገባዋል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የሟቾቹን ጣት ማንም አይተካም። ሆኖም ስሙን ተገቢ የሚያደርገው የሚሠራው ሥራ ነው። በ2023 የወጣው «ዛንጎ» የተባለ አልበም ሉሳካ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን፣ ጃጋሪ በ1970ዎቹ ደርሶት ሳይቀረጽ የቀረው «ዋይሌ» የተባለ ዘፈን እዚያ ላይ ይገኛል። አርባ ዓመት ያለፈውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ መቅረጽ የድሮ ዝናን መመንዘር ሊባል አይችልም።

ሌላው ወቀሳ፣ ይህን ሁሉ ያነሣሡት የውጭ ሸክላ ሰብሳቢዎችና አድማጮች ናቸው የሚለው ነው። በአብዛኛው እውነት ነው፤ አንድ አገር የራሱን ሙዚቃ በባዕድ አሳታሚ በኩል መልሶ መስማቱም ያሳዝናል። ይሁን እንጂ ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። በ«ዛንጎ» ላይ ዛምቢያ የተወለደችው ራፐር ሳምፓ ዘ ግሬት ከሽማግሌው ጃጋሪ ጋር ዘፍናለች፤ እሷም በራሷ አልበም ዊችን ጋብዛለች። በ2025 ደግሞ «ሶጎሎ» የተባለ ሌላ አዲስ አልበም ወጥቷል። ከዘመናት በኋላ የሚሰባሰብ ባንድ ሊመዘን የሚገባው ስንት የድሮ አባል ይዟል ተብሎ ሳይሆን፣ አዲስ ሥራ ወልዷል ወይ፣ ለተከታዩስ ትውልድ አስረክቧል ወይ ተብሎ ነው። በዚህ ሚዛን ዊች ስሙን ሠርቶ አግኝቶታል።