ፀሐይና በረዶ የሚፈራረቁባት ዴንቨር

የኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት በሚሰበሰብበት ሕንጻ ደረጃ ላይ፣ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጿል፤ 1,609 ሜትር መሆኑ ነው። ዴንቨር የምትታወቀው በዚህ ከፍታዋ ነው። ከቆላማ ግዛቶች የሚመጣ አሜሪካዊ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን ሊያመው፣ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ግን ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ነው የሚገባባት። ሳንባው ለምዶታል። ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ መፍላቱም ሆነ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ መፍጀቱ አዲስ አይሆንበትም።

አዲስ የሚሆንበት በረዶው ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሰፈሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች መካከል ናቸው፤ አክሱምም ከዴንቨር እህት ከተሞች አንዷ ናት። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት መሪ ይዘው ነው፦ በታክሲ፣ በኡበር፣ በጭነት መኪና። ለእነዚህ ሰዎች በረዶ የጣለበት ቀን ቤት የሚዋልበት ቀን አይደለም። ስለዚህ የከተማዋን ብርድ ጠባይ ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከዚህ ጠባይ ደግሞ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በረዶው ከሚወርድበት ሰዓት ይልቅ ፀሐይ ካቀለጠችው በኋላ ያለው ሌሊት የባሰ መሆኑ ነው።

እንደ ሚኒያፖሊስ ባሉ የሰሜን ከተሞች ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ የጣለ በረዶ ወራት ሊከርም ይችላል። ዴንቨር ውስጥ ግን በረዶ በጣለ ማግስት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ በከፍታው የተነሳ ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ይሄዳል። አየሩም ሳይታሰብ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 2020 ቅዳሜ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ማክሰኞ በረዶ ጣለ። ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ከነበረበት ከዜሮ በታች 15 ወረደ፤ ከዚያም አልፎ ከዜሮ በታች 31 ደረሰ። እንዲህ በምትገለባበጥ ከተማ የአየር ትንበያውን ማታ ሳያዩ መተኛት አይገባም።

ቀን የቀለጠው ውሃ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈሳል፤ ሌሊት ይረጋል። ሾፌሮች ብላክ አይስ የሚሉት ይህን ነው። ስስና ጥርት ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያለው አስፋልት ጥቁረቱ ሳይቀር ይታያል፤ መንገዱ ዝናብ ያረጠበው ይመስላል። የሚለይበት አንድ ጥሩ መንገድ ከፊት የሚሄደውን መኪና ጎማ ማየት ነው። መንገዱ እርጥብ መስሎ ጎማው ውሃ የማይረጭ ከሆነ ውሃው ረግቷል ማለት ነው። መሪው ድንገት ቀለል ካለም ጎማው መሬት መያዙን ትቷል። ያኔ ፍሬን መርገጥ ጥፋት ነው፤ እግርን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ ማንሳትና መሪውን ሳያወናጭፉ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። የሕንጻ ጥላ ያረፈበት መንገድም እንዲሁ ነው። በደቡብ በኩል ፀሐይ የሚያገኘው የቤት ደጃፍ በአንድ ቀን ሲደርቅ፣ በሰሜን በኩል ያለው ሳምንት ሙሉ በረዶ ተሸክሞ ይቆያል። ቤት ለመከራየት የሚፈልግ ሰው ደጃፉ ወዴት እንደሚዞር ቢያይ ይጠቅመዋል።

ዝግጅቱ የሚጀመረው በጥቅምት ነው፤ የሚጀመረውም ከጎማ። ብዙ አዲስ ገቢ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ገዝቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በአራት ጎማ መጎተት ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም። መኪናን የሚያቆመው ጎማው ነው። ሩብ ዶላር ሳንቲም ወስዶ የዋሽንግተንን ጭንቅላት ቁልቁል ገልብጦ በጎማው ጥርስ መካከል መክተት ነው፤ የጭንቅላቱ አናት ከታየ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ጎማው ለበረዶ አይሆንም። የክረምት ጎማ የሚባለው ደግሞ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የታተመበት ነው። ላስቲኩ ለብርድ ታስቦ የተቀመመ በመሆኑ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል። የክረምት ጎማ ዋጋው ያስጨንቃል፤ አውቃለሁ። ሆኖም በመሪ ለሚተዳደር ሰው ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም። ንፋሱም ይታይ፤ ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በወረደ ቁጥር የጎማው ንፋስ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል።

ብርድ ባትሪ ይገድላል፤ በተለይ ያረጀውን። ጎሚስታ ቤት የሄደ ሰው እግረ መንገዱን ባትሪውን ማስለካት አለበት። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃና አንቲፍሪዝ እኩል ከተደባለቁ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ አገር ቤት እንደለመድነው ባዶ ውሃ መጨመር ግን ሞተር ያስፈነዳል። መስተዋት ማጠቢያውም በብርድ የማይረጋው ዓይነት ይሁን። ከተማዋ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የምትረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ ከጎማ እየተነሳ መስተዋቱን ነጭ ያደርገዋል፤ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲነዱ ፀሐይዋ ስታርፍበት ምንም አይታይም። ቤንዚን ሲቀዳም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ማደያዎች ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው። ከፍታውን አስበው ለድሮ ሞተሮች ያወጡት ነበር፤ የአሁኖቹ መኪኖች መመሪያ ግን ባብዛኛው 87 ይላል።

ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ሕግም ይጠብቀዋል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው አይ-70 ከ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 በተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ላይ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ማንኛውም መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም በአራቱም ጎማ መጎተት ሊኖረው ይገባል፤ የጎማው ጥርስም ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በእነሱ መለኪያ 3/16 ኢንች፣ መሆን አለበት። ይህ የሌለው ሰንሰለት ወይም ሌላ የተፈቀደ የጎማ ማልበሻ ይይዛል። የጭነት መኪና ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው። ተላልፎ የተገኘ ከ130 ዶላር በላይ ይቀጣል፤ መንገድ ዘግቶ ከተገኘማ ከ650 ዶላር በላይ። አገር ቤት የጣርማ በርን ጉምና ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር እዚህ አንድ የሚጠቅመው ልማድ ይዞ መጥቷል፦ ቁልቁለትን ፍሬን ረግጦ ሳይሆን ማርሽ አሳንሶ መውረድ። ሌላው ልማድ ግን መቅረት አለበት። አገር ቤት ፍሬን መታ መታ እያደረግን ነበር፤ ኤቢኤስ የሚባለው፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን ያለው መኪና ግን መቆም ግድ ሲሆን ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ መያዝ ነው የሚሻው፤ ፔዳሉ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ሥራውን እየሠራ ነው። ተራራው ላይ መንገድ ለሰዓታት ሊዘጋ ስለሚችል ታንኩ ከግማሽ አይውረድ፤ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ውሃና የስልክ ቻርጀርም የኋላው ኮፈን ውስጥ ይኑር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ድርቀቱ ያስቸግራል። ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ነስር የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉ፤ በብርዱ የተነሳ የእንጀራ ሊጥም ቶሎ አይነሳም። እናቶች የምድጃውን መብራት ብቻ አብርተው ሊጡን ውስጥ ያሳድሩታል። ከቤት ውጭም ሕግ አለ፦ በረዶው በቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የዴንቨር ነዋሪ የደጁን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት፤ ንግድ ቤት የሚሰጠው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት መኪና አስነስቶ፣ ቁልፉን ሰክቶ ወደ ቤት መመለስ በሕግ ያስቀጣል፤ ሌቦችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምነው ስለ ከሰል ነው። መስኮቱ ሁሉ በተዘጋበት ቤት ለቡና ተብሎ ከሰል ማቀጣጠል፣ ጋራዥ ውስጥም መኪና አስነስቶ ማሞቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝቶ ያለውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የጋራዡ በር ተከፍቶም ቢሆን ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። የኮሎራዶ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ ጋዝ የሚነድበት ወይም ጋራዥ የተያያዘው ቤት ሲሸጥም ሲከራይም የዚህ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ እንዲኖረው ያዛል። ያልተገጠመለት ቤት የተከራየ አከራዩን ይጠይቅ፤ እስኪገጠምለትም ገዝቶ ይስቀል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ለዕጣኑም ቢሆን ቤት ውስጥ ከሰል አይለኮስ፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አያስተማምንም።

የካቲት ሲያልቅ ዛፉ ማቆጥቆጥ ይጀምርና ሰው ክረምቱ የወጣ ይመስለዋል። ከዴንቨር ትልልቅ በረዶዎች አንዳንዶቹ ግን የሚመጡት በማርች፣ ሁዳዴ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በሦስት ቀን 80 ሴንቲ ሜትር፣ በ2021 ደግሞ 69 ሴንቲ ሜትር የጣለው በዚሁ ወር ነበር። የክረምት ጎማ የገዛ ሰው ፋሲካ ሳያልፍ አያውልቀው።