ልጅዎ «አውሮፕላኑን ጣልነው» ቢልዎት

አንዲት እናት በቅርቡ ቢሯችን ድረስ መጥተው «ልጆቼ፣ አስተማሪው ልጄን አውሮፕላን እያስጣለው ነው፣ ከዚያ አውጡልኝ» አሉን። ልጃቸው በትንሽ አውሮፕላን በረራ ይማራል። በስልክ «ዛሬ ሂዝዳክሩት ተለማመድን» ሲላቸው፣ ከማብራሪያው የቀረላቸው «መውደቅ» የሚለው ብቻ ነው። እኛም ነገሩን በደንብ አናውቀውም ነበርና አንድ የበረራ አሠልጣኝ ጠየቅን።

ሂዝዳክሩት ማለት ብዙዎቻችን እንደመሰለን ሞተር ጠፋ ማለት አይደለም። ሰፌድ ነፋስ ላይ ትንሽ ቀና አድርገው ቢይዙት ነፋሱ ያነሣዋል፤ ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት ግን ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አያነሣውም። ክንፍም እንዲሁ ነው። አፍንጫው ከመጠን በላይ ሲቀና አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል፤ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን ክንፉ መሸከም ያቅተዋል።

አስቸጋሪው የሰው እጅ ነው። መውደቅ የተሰማው ሰው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ይህ ደግሞ ያብሰዋል። ስለዚህ አሠልጣኙ ከመሬት ርቆ ከፍ ይላል፣ ሞተሩን ይቀንሳል፣ አፍንጫውንም ቀስ እያለ ያነሣል። ተማሪው ምልክቱን ይጠብቃል፦ መሪው ይላላል፣ የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ይጮኻል፣ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ክንፉ አየር ሲይዝ የሞተሩን ኃይል ይጨምራል፣ ክንፎቹን ያስተካክላል፣ በዝግታ ይወጣል። ሆድ ያላውሳል እንጂ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል።

«ጡሩምባ ካለው መጣሉ ለምን አስፈለገ?» አሉን እናትየዋ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ፍጥነት የሚለኩት ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ጮኸ፤ አፍንጫው ግን ወደ ላይ እንደተሳበ ቆየ። ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ ክንፉ መሸከም አቃተውና በ3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 228 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። ነገር ግን እንዲህ ባለ ከፍታ፣ በእጅ እየነዱ ሂዝዳክሩትን አልተለማመዱም ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የአየር መንገድ አብራሪዎች ሥልጠና ተለውጦ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ እንዲለመድ ሆኗል።

እናትየዋ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያም ቃሉን በአማርኛ ፊደል በወረቀት ላይ ጻፉልኝ አሉን፤ ልጃቸው ለሰንበት ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደሠራው በራሱ ቃል ሊጠይቁት።