በደብረ ታቦር አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ ምን ያያል? ለነጋዴውስ ምን ይተርፈዋል?

ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርን፥ ነፋስ መውጫንና ጋሸናን እያለፈ ይጓዛል። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ማለዳ የተነሣ ሰው ከከተማችን የሚደርሰው ገና ሳይረፍድ ነው። ሻይ ይጠጣል፤ ጎማውን ያስነፋል፤ መንገዱንም ይቀጥላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በጸሐፊነት ወደምሠራበት መደብር ባልና ሚስት የሆኑ መንገደኞች ገብተው ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዙ። ደረሰኙን ስጽፍላቸው፥ «በዚህ ከተማ የሚታይ ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም በዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ሳለሁ፥ «ይህ ነው የሚባል የለም፤ ላሊበላ ስትደርሱ ብዙ ታያላችሁ» ብዬ መለስሁላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ማታ የዕለቱ ሒሳብ ሲዘጋ ነገሩን ለአሠሪዬ ባወራቸው ጊዜ፥ «አንተ ዛሬ ያሰናበትኸው የእኔን ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቶቼንም ሁሉ ነው» አሉኝ።

ነገሩን ደጋግሜ ባስበው እውነታቸውን ነው። አላፊ እንግዳ ከአንድ ሱቅ ይገዛል፤ የሚያድር እንግዳ ግን ሳያውቀው ከከተማው ሁሉ ይገዛል። አልጋ ሲከራይ፥ የሆቴሉ ባለቤት አንሶላና ሳሙና ከጅምላ ነጋዴው ይወስዳል። እራት ሲበላ፥ የፋርጣ በግና ድንች ከገበሬው፥ ዘይቱና ቅመሙ ከባለ ሱቁ ይመጣል። ሌሊቱ ሲበርደው ጋቢ ይገዛል፤ በማግሥቱም መሪና ተሽከርካሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ እንግዳውን አንድ ሌሊት የሚያሳድረው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የምንጠራው ጋፋት ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በዚህ ስፍራ፥ በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና ማሠልጠኛ የመጡ፥ ከእነርሱም አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የነበረ፥ የእጅ ጥበብ ዐዋቂ ሚሲዮናውያን ለዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተቀረጸው በዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ ገደሉ እየተጠረገ መንገድ እየተሠራለት፥ በሰው ክንድ እየተጎተተ በዚያው ዓመት መጋቢት መቅደላ ደረሰ። እንግዳው የመድፉን አምሳያ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ አይቶት ይሆናል፤ ሥራው የተሠራበትን ምድር ለመርገጥ ግን ወደ እኛ መምጣት ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ስፍራ ተናጋሪ ይፈልጋል። ታሪኩን የሚያስረዳው ሰው ያላገኘ እንግዳ ሜዳና ቍጥቋጦ አይቶ ይመለሳል።

ሁለተኛው ከተማው ራሱ ነው። የየጁው ራስ ጉግሣ ከመሠረቱት ወዲህ ራስ ዓሊ፥ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተቀምጠውበታል። ዐፄ ዮሐንስ የሕሩይ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። የግብጽ ጦር በጉንደትና በጉራዕ ከተሸነፈ በኋላ፥ የግብጹ ኸዲቭ ለዕርቅ የላከው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። እነዚህን ነገሮች በእግር እየዞረ የሚሰማ እንግዳ ግማሽ ቀን ያሳልፋል።

ሦስተኛው የጉና ተራራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ወደ ጣና የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። በእግር መሄድ የሚወድ እንግዳ ማለዳ ተነሥቶ፥ የገብሱንና የድንቹን እርሻ አልፎ፥ ጅብራ ከሚበቅልበት ከፍታ ደርሶ ለመመለስ ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል። ሙሉ ቀን ማለት ደግሞ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማለት ነው። ከመስከረም በኋላ ያሉት የበጋ ወራት ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ በክረምት ጭጋጉና ጭቃው ያስቸግራል።

በክረምት የሚመጣ እንግዳ ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የከተማው ስም በዓል፥ ደብረ ታቦር ወይም ቡሄ፥ ይጠብቀዋል። የጅራፉ ጩኸት፥ የችቦው ብርሃን፥ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞሩት ልጆችና ሙልሙሉ በሌላም አገር አሉ፤ በስሙ በሚጠራው ከተማ ማክበር ግን የተለየ ነው።

ከወረታ ወደ እኛ ሲወጣም መንገዱ ባዶ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ሩዝና ከብት ይታያል፤ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተችው፥ ወንድና ሴት ሥራን ሳይለዩ በሸማ ሥራ የሚተዳደሩባት የአውራምባ ማኅበረሰብም ከዚሁ መንገድ አጠገብ ናት። በደራ ወረዳ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃም ለደከመ ሰውነት ዕረፍት ነው።

እርግጥ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንግዳው እጅግ አንሷል፤ ሰላምን የሚያመጣውም ነጋዴው ብቻውን አይደለም። ነገር ግን መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳው በመጣ ቀን ዝግጅት መጀመር፥ ዝናም ከጣለ በኋላ በሬ እንደ መፈለግ ነው። ዛሬ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ የአልጋና የምግብ ዋጋ ተጽፎ በግልጽ ይለጠፍ፤ ለአገሬው አንድ፥ ለእንግዳ ሌላ ዋጋ መጥራት ለአንድ ቀን ያተርፋል፥ ለዓመት ያከስራል። ሁለተኛ፥ ታሪክ የተማሩ ወጣቶቻችን በመሪነት እንዲሠለጥኑ ነጋዴው ይርዳቸው። ሦስተኛ፥ የእነዚህ ስፍራዎች ስምና የሚወስዱት ጊዜ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በየመደብሩና በየሆቴሉ ይቀመጥ።

እኔ በበኩሌ ወረቀቱን ጽፌ ከሒሳብ መዝገቡ አጠገብ አኑሬዋለሁ። ያን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ዳግመኛ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው። እናንተስ፥ ክቡራን ነጋዴዎች፥ እንግዳው ነገ ከደጃችሁ ቆሞ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለት ይሆን?