ሌሊቱን የሚነጥቁን ክለቦች፡ እንቅልፍ ያጣ ሰፈርና የእንቅልፍ ክኒን



በቺቺንያ፣ በሃያ ሁለት፣ በቦሌና በአካባቢያቸው የምትኖሩ እህቶችና ወንድሞች ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እንዴት እንደሚነጋ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሙዚቃው ይጀምራል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰክሮ የሚጮኸው፣ የሚጣላው፣ ጥሩንባ የሚነፋው ይወጣል፤ ጸጥታው ሲመጣ ሱብሒ ደርሷል። የቺቺንያ ስም ራሱ የተወሰደው በቼችኒያ ከነበረው ጦርነት ነው ይባላል፤ ሰፈሩ ሌሊቱን ሲናጥ ስለሚያድር ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ከሚገኙት ቤቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ ለመኖሪያነት የተሠሩ ናቸው። ቪላው ተከራይቶ ክለብ ሲሆን ግድግዳው ያው የመኖሪያ ቤት ግድግዳ፣ ጣሪያውም ያው ቆርቆሮ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ግን ሕፃናትና አረጋውያን ይኖራሉ።

ስለ መጠጡና ስለ ጭፈራው ዑለማዎቻችን ብዙ ብለዋል፤ ይህ ዓምድ ያንን አይደግምም። የእኛ ጥያቄ የክለቡን ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው ጎረቤት በጤናው ላይ ምን ይደርስበታል? የሚል ነው። እኔም ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ሆኜ የማየው ይህንኑ ነው። ሰዉ ስለ ክለቡ ሊነግረኝ አይመጣም። የሚመጣው የእንቅልፍ ክኒን ፍለጋ ነው።

ምን ያህል ድምፅ ይበዛል?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሹክሹክታ 30 ዴሲቤል አካባቢ፣ ተራ ጨዋታ 60፣ የክለብ ውስጥ ሙዚቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ 100 ገደማ ይደርሳል። ይህ መለኪያ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይቆጠርም። 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ያድጋል፤ በጆሮአችን ግን ሁለት እጥፍ ያህል የጨመረ መስሎ ይሰማናል። ስለዚህ ባለ ክለቡ «ትንሽ ነው የጨመርኩት» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን ትንሽ አይደለም የሚሰማው።

በአገራችን የድምፅ ደረጃ ወጥቷል። በመኖሪያ አካባቢ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። በንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ከቤት ውጭ ያለው የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ከዚያ ቀደም በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደግሞ መኝታ ክፍል ውስጥ 30 ይበቃል ብሏል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሙዚቃው ዱም ዱም፣ ማለትም ቤዙ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ግድግዳና በር ያግደዋል፤ ወፍራሙ ግን በግድግዳው፣ በወለሉና በጣሪያው አልፎ አልጋችን ድረስ ይመጣል። ብዙ እናቶች «ዘፈኑ አይሰማኝም፣ ደረቴን ግን ይመታኛል» የሚሉት ለዚህ ነው። መስኮት መዝጋትና ወፍራም መጋረጃ መስቀል ለጩኸቱ ይረዳል፤ ለቤዙ ግን ብዙም አይጠቅምም።

ሰው ቢተኛም ጆሮ አይተኛም

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነበእ እንቅልፍን ዕረፍት፣ ሌሊቱንም ልብስ እንዳደረገልን ይነግረናል። ሕክምናውም የሚያሳየን ይህ ዕረፍት ለቅንጦት አለመሆኑን ነው። ስንተኛ ዓይናችን ይዘጋል፤ ጆሮአችን ግን ወደ አንጎል መላክ አያቋርጥም። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ባንነቃም እንኳ ልባችን ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ይረጫሉ። ጠዋት «ተኝቼ አድሬ ለምን ደከመኝ?» የሚለው ሰው ያደረው እንዲህ እየተናጠ ነው።

በተለይ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። ጤናማ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ ዝቅ ይላል፤ ልብና ደም ሥር የሚያርፉት ያኔ ነው። ሌሊቱ ካልጸጠ ይህ ዕረፍት ይጎድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በምዕራብ አውሮፓ በተሽከርካሪ ድምፅ ምክንያት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን የጤናማ ሕይወት ዓመታት እንደሚጠፉ ገምቷል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘውም የእንቅልፍ መታወክ ነው። ግምቱ የመኪናንና የመሳሰሉትን ድምፅ የሚመለከት እንጂ የክለብን አይደለም። ይሁን እንጂ ሰውነት እንቅልፉን የነሣው መኪና ይሁን ሙዚቃ አይለይም።

ከምግብም ጋር ይገናኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የረሃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ሆርሞን (ግሬሊን) ይበዛበታል፣ የጥጋብን ስሜት የሚሰጠው (ሌፕቲን) ይቀንስበታል። በማግስቱ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል። ኢንሱሊንም እንደ ወትሮው ስለማይሠራ የስኳር ሕመምተኞች «የበላሁት ያው ነው፣ ስኳሬ ለምን ከፍ አለ?» ሲሉ ስለ ምግባቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሊታቸውም መጠየቅ ይገባል።

የክኒኑ ነገር

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ሌሊቱ የተረበሸበት ሰው የሚመርጠው አቋራጭ ክኒን ነው። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብሎ ይጀምራል፤ ጎረቤት ለጎረቤት፣ እህት ለእናቷ ታካፍላለች። አስቡት፤ የጎረቤቱ ሙዚቃ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ግን ምንም ያላጠፋው ሰው ነው!

በብዛት የሚጠየቀው ዳያዚፓም ነው። ይህ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ማዘዣውም ልዩ ነው። ፋርማሲስቷ ስትከለክልዎ ክፉ ሆና አይደለም። ዳያዚፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከተዋጠው ግማሹ እስኪወገድ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማታ የዋጡት በማግስቱ ቀን አብሮዎት ይውላል ማለት ነው። ሾፌር መሪ ላይ ያንቀላፋል፤ አዛውንት ለሱብሒ ውዱእ ሲነሡ ተንገዳግደው ይወድቃሉ፣ የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል። ለጥቂት ሳምንታት በተከታታይ ከተወሰደ ሰውነት ይለምደዋል፤ ያው መጠን አያስተኛም፣ ሰውየውም ይጨምራል። ሲለምዱት በድንገት ማቆም ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ያመጣል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው ዛሬ ማታ ክኒኑን አይጣሉት፤ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው ቀስ በቀስ እንዲቀንስልዎ ይጠይቁ።

ሁለተኛው የጉንፋንና የአለርጂ ክኒን ነው። ክሎርፌኒራሚን ስለሚያስተኛ «ምንም የለውም» እየተባለ ይወሰዳል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባቶች ሽንት ሊይዝባቸው ይችላል፤ አረጋውያንን ያደናግራል፣ ግላኮማ ላለባቸውም አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስፈራኛል። ሕፃኑ በሙዚቃው እየነቃ ሲያለቅስ የፕሮሜታዚን ሽሮፕ በማንኪያ የሚሰጡ እናቶች አሉ። ውድ እህቶቼ! ፕሮሜታዚን ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ አተነፋፈሱን ሊያቆመው ይችላል። ከዚያ በላይ ላለውም ለማስተኛት ብሎ መስጠት አያስፈልግም። ያልተኛ ሕፃን ነገ ይተኛል።

ቡናና ጫትም ነገሩን ያባብሱታል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው በአማካይ በ5 ሰዓት ነው፤ ከአስር ሶላት በኋላ የተጠጣው አቦልና ቶና ከምሽቱ ሙዚቃ ጋር ተደምሮ ሌሊቱን ያነጋዋል። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫትም እንዲሁ ነው። ከሙዚቃው በፊት እንቅልፋችንን ራሳችን ካባረርነው ለክለቡ አናሳብብ።

የጎረቤት ሐቅ

ጎረቤቱን ማስቸገር ከኢማን ጋር እንደማይሄድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲሥ ሁላችንም እናውቃለን። የአገሪቱ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና በላይ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሺሻን ከልክሏል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ደንግጓል። ሕጉ አልጎደለም። የሚጎድለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጥቶ ድምፁን የሚለካ ሰው ነው።

ባለ ክለቦቹ «እኛ ግብር ከፍለን፣ ፈቃድ አውጥተን ነው የምንሠራው» ይላሉ። አንዳንዶቹም «ሕንፃው የተሠራው፣ ነዋሪውም የገባው ከእኛ በኋላ ነው» ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ኋላ የመጣው ወገን የድምፅ መከላከያውን ወጪ እንዲሸከም አድርጋለች። ክለቡ ኋላ ከመጣ ክለቡ፣ አፓርታማው ኋላ ከመጣ የአፓርታማው ገንቢ ይከፍላል። ለእኔ ፍትሐዊ ይመስለኛል። በዚህ ሚዛን ግን ቪላውን ወደ ክለብ የቀየሩት ብዙዎቹ ከፋይ መሆናቸው ነው።

የክለብ ሠራተኞችንም አንርሳቸው። አስተናጋጇ፣ ጥበቃው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ለእንጀራቸው ነው የሚያድሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ ጉዳት የለውም፤ 100 ዴሲቤል ከሆነ ግን በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እነርሱ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰዓት ይቆሙበታል። ጆሮአቸው ጠዋት ሲጮህ «ይለቀኛል» ይላሉ፤ ሲደጋገም የተጎዳው የጆሮ ሴል ተመልሶ አይበቅልም። ድምፁ ቢቀነስ ከጎረቤቱ ቀድመው የሚጠቀሙት እነርሱ ናቸው።

ደግሞም እንነጋገር ከተባለ፣ ስለ ድምፅ ስናማርር የራሳችንን ድምፅ ማጉያም እናስታውስ። አዛን ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዒሻእ በኋላ ወደ ውጭ ተከፍቶ ለሰዓታት የሚሰማ ደዕዋና ነሺዳ ግን የታመመን ጎረቤት፣ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ ዕረፍት ይነሣል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻእ በኋላ ጨዋታ ማብዛትን ይጠሉ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ወደ መስጊዱ ውስጥ ማዞር የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

እስከዚያው ቤት ውስጥ

አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን በደብተር ይመዝግቡ። የስልክ ድምፅ መለኪያ በትክክል አይለካም፤ ለግምት ግን ይረዳል። ብቻዎን ከሚሄዱ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው፣ ሃይማኖት ሳይለዩ፣ በጽሑፍ ወደ ወረዳውና ወደ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። ከዚያ በፊት ግን ባለ ክለቡን ቀን፣ ሳይሰክርና ሳይቆጣ ያነጋግሩት። ትልቁን የቤዝ ስፒከር ከወለሉ አንሥቶ ላስቲክ ላይ ማስቀመጥና በሩን ድርብ ማድረግ ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

አልጋዎን ከክለቡ ጋር ከሚዋሰነው ግድግዳ ያርቁ፤ በዚያ ግድግዳ ቁም ሣጥን ያስጠጉበት። ሌሊቱ የተረበሸበት ሰው ከዙህር በፊት ወይም በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀይሉላ ቢያደርግ ይጠቅመዋል፤ ከዚያ ካስረዘመው ማታ አይተኛም።

ጥጥ ጆሮ ውስጥ መክተት ድምፅ አይከላከልም። ከስፖንጅ የተሠራው የጆሮ መድፈኛ ግን ዋጋው ከክኒን አይብስም። በንጹሕ እጅ ጠቅልለው ያቅጥኑት፣ የጆሮዎን ጫፍ በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፣ እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትዎ ይያዙት። ለሱብሒ የሚነሡበትን የስልክ ደወል ትራስዎ አጠገብ ያድርጉ። ጆሮው ፈሳሽ የሚያወጣ ሰው አይጠቀምበት፤ ለትንንሽ ልጆችም ወደ አፋቸው ከተው ሊያንቃቸው ስለሚችል አይሰጥም።