ሕጉ ከየት ይመነጫል? የሕግ ምንጮች በሚዛን፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና ምድር

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ የሚኖር ቡና አምራች ከሕግ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ችሎት ቀርቦ አይደለም። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ቡና መገበያያ ማዕከል ወይም ሽማግሌ ፊት ነው። ቡናውን ለማን እንደሚሸጥ፣ ጫካው የማን እንደሆነ፣ ያበደረውን ብር በምን ማስረጃ እንደሚያስመልስ የሚወስኑት ሕጎች ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። ይህን ልዩነት ማወቅ ለጠበቃ ብቻ የሚተው ጉዳይ መሆን የለበትም።

ከሁሉም በላይ ያለው ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 9 እንደሚለው ከእሱ ጋር የሚጋጭ ሕግም ሆነ ልማድ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ አይጸናም፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ከዚያ በታች የተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ፣ ቀጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ በመጨረሻም የሚኒስቴርና የባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ይመጣል። ክልሎችም በተሰጣቸው ሥልጣን ሕግ ያወጣሉ፤ በኅዳር 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም እንዲሁ። የታችኛው ከላይኛው ሥልጣን ይቀበላል እንጂ አይሽረውም።

ለቡና ነጋዴው የሚቀርበው ምሳሌ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር መሠረቱ እዚያ ተጥሏል፤ ዝርዝሩ ግን በደንብና በመመሪያ ይወርዳል። ሰብሳቢውም አቅራቢውም በየዕለቱ የሚያጋጥማቸው ይኸው ዝርዝር ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኩል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመውጣቱ በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብበትና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ስለዚህ «መመሪያው አይፈቅድም» የተባለ ሰው መመሪያውን አሳዩኝ ማለቱ ድፍረት ሳይሆን መብቱ ነው።

መሬትን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተደረገ ቋሚ ማሻሻል ግን የባለቤቱ ሀብት ነው፤ የመጠቀም መብቱ ሲያበቃም ካሳ ሊጠየቅበት ይችላል። ዓመታት ጠብቆ ቡና ያደረሰ ገበሬ ማሳው ለሌላ ሥራ ሲፈለግ የሚቆመው በዚህ ድንጋጌ ላይ ነው።

በግለሰቦች መካከል ያለውን ግንኙነት በአብዛኛው የሚመራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከዚያ በፊት ለዘመናት ሲጠቀስ የኖረው ፍትሐ ነገሥት ነበር። ከሕጉ አንዲት ድንጋጌ ብቻ ብንወስድ፣ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ነጋዴው ቡና ሳይደርስ ለገበሬው ብር አበደረ እንበል። ሦስት ምስክሮች ቢያዩም፣ ወረቀት ከሌለና ተበዳሪው ከካደ ምስክሮቹ ብድሩን አያስረዱም። በእምነት የሚኖር ማኅበረሰብ ይህን ሳያውቅ ብዙ ይጎዳል።

ሕጉ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ፍርድ ቤት ይተረጉመዋል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

በዚህ ምድር ትልቁን ቦታ የሚይዘው፣ በወረቀት ግን ትንሿ ስፍራ የቀረችለት ልማዳዊ ሕግ ነው። በሸካና በአጎራባቾቿ ደኖች ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ። አንድ የደን ክፍል ላይ ቀድሞ ቀፎ የሰቀለ ሰው በዚያ ክፍል የመጠቀም መብት ያገኛል፤ ወሰኑን ጎረቤት ያውቀዋል፣ ልጅም ከአባቱ ይወርሰዋል። ሌላው ሳያስፈቅድ ገብቶ ማር አይቆርጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ግን ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሽሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በልማድ መዳኘትን የጠቀሰው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ስለዚህ መንደሩ የእገሌ ነው የሚለው ጫካ በመንግሥት መዝገብ የመንግሥት ደን ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ለኢንቨስትመንት ሲሰጥም ባለ ኮቦው የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከግልና ከመንግሥት ደን ጎን ለማኅበረሰብና ለማኅበር ደን እውቅና መስጠቱ ክፍተቱን ማጥበቢያ መንገድ ከፍቷል። ደኑን ጠብቆ ያቆየው ልማድ በዚህ መንገድ ወደ ምዝገባና ስምምነት ካልገባ የሚጠፋው መብቱ ብቻ አይሆንም፤ ቡናው የበቀለበት ጥላም አብሮ ይሄዳል።

የፌዴራል ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። በቤንችኛ፣ በሸክኛ ወይም በካፍኛ አፉን የፈታ ገበሬ ግን ሕጉን አላውቅም ቢል ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ አይሆንም ይላል። እንዲህ ያለ ግዴታ የጣለ መንግሥት ሕጉን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ የማድረስ ዕዳ አለበት። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት፣ የዞን ፍትሕ ተቋማትና የአካባቢው ሬዲዮ በዚህ ሊተባበሩ ይገባል። እስከዚያው ድረስ ማንም ሰው ከቢሮ ባዶ እጁን ከመመለሱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ይህን ሕግ ማን አወጣው? ሥልጣኑን ከየትኛው ሕግ አገኘ? የትስ ታትሟል?