ጨረቃና ጭቃ

በጭቃ ላይ ጎኗን ጥላ የተጋደመች ባለ ሸራ ጀልባ ፎቶ በወጣ ቁጥር ሁለት ማብራሪያ አይጠፋም። አንደኛው «ባሕሩ እየደረቀ ነው» ይላል፤ ይህን ለማረም ስድስት ሰዓት መታገሥ ይበቃል፣ ውሃው ተመልሶ ጀልባዋን ቀጥ ያደርጋታል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፦ «ጨረቃ ውሃውን ሽቅብ ስባ ወሰደችው»። ትምህርት ቤት የተማርነው ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ነገር ግን ጨረቃ ባሕሩን የምታናውጥበት ኃይል ከመሬት ስበት አንድ አስር ሚሊዮንኛ ግድም ነው፤ በዚህ ጉልበት ውሃ ሽቅብ አይነሳም። በውቅያኖሱ ስፋት ላይ ወደ ጎን ትጎትተዋለች እንጂ። ውሃ የሞላ ሳፋ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ርምጃው ውሃውን ያወዛውዘዋል፤ የትኛው ጠርዝ ላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ግን ሳፋው ነው። ቀይ ባሕር ይመስክር፦ ጨረቃዋ አንዲት ሆና ሳለ ምጽዋ ላይ ውሃው በዓይን በሚታይ መጠን ይወጣል ይወርዳል፣ ፖርት ሱዳን አካባቢ ግን መኖሩም ያጠራጥራል። (ስለ ቃሉ አንድ ነገር፦ ብዙዎች ይህን «ማዕበል» ይሉታል። ማዕበል የነፋስ ሥራ ነው። የተሻለ እስኪገኝ ሙላትና ጉድለት እንበለው።)

የሳፋው ቅርጽ የአንዲት ጀልባን ውሎ እንዴት እንደሚገዛ ለማየት የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ይመቻል። ከቨርጂኒያዋ ኖርፎክ እስከ ማያሚ፣ በአጥር መሳይ ደሴቶች ከውቅያኖስ የተከለለ፣ ከወንዝ፣ ከረግረግና ከተቆፈረ ቦይ የተቀጣጠለ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ የውሃ መንገድ አለ። በየዓመቱ ብርዱ ሲመጣ ባለ ሸራ ጀልባዎች ወደ ደቡብ ይወርዱበታል፤ ቦዩ ሲጠብ ሸራቸውን ጠቅልለው በሞተር። ማያሚ ላይ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር አይሞላም፣ ጆርጂያ ላይ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ጠረፉ እዚያ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ ከፊቱም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ጥልቀት የሌለው ወለል ተነጥፏል። ከጥልቁ የሚመጣው ውሃ እዚህ ሲደርስ ይዘገያል፣ ከኋላው ያለው ይደርስበታል፣ ይቆለላል። ከጉብጠቱና ከወለሉ የማንኛው ድርሻ እንደሚበልጥ ግን ነጣጥሎ መመዘን አያመችም፤ አብረው ነው የሚሠሩት።

ቁመቱ ብቻውን ግን ጀልባ አያስቀርም፤ ጭቃ ይፈልጋል። በጆርጂያ ጄኪል ደሴት ጀርባ ያለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ጄኪል ክሪክ፣ በሰሜንም በደቡብም ወደ ባሕር የሚያስወጣ አፍ አለው። ውሃው ሲሞላ በሁለቱም በኩል ይገባና መሃል ላይ ይገናኛል። ሁለት ሰው አንድን ግቢ ከግራና ከቀኝ ሲጠርግ ጥራጊው የት እንደሚከማች የሚያውቅ፣ የቀረውን ያውቃል። ሁለቱ ፍሰቶች የሚገጥሙበት ቦታ ውሃው ይቆማል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ የተሸከመውን ያወርዳል፣ ማቶት ላይ እንዳረፈ ጀበና። ጨውም ያግዛል። ደቃቅ የሸክላ ብናኞች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ጨው በሌለው የወንዝ ውሃ ውስጥ ይገፋፋሉ፤ ጨው ሲያገኛቸው መገፋፋቱ ይደክምና እንደሚረጋ ወተት እየተጓጎሉ ይሰምጣሉ። በወረቀት 12 ጫማ፣ ማለትም 3.7 ሜትር ግድም ጥልቀት የተመደበለት መንገድ እዚህ በጉድለት ሰዓት ከዚያ እጅግ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ይኸው አሠራር ሰዓት ለሚቆጥር ካፒቴን ይጠቅመዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውሃው ሞልቶ የሚያበቃ ከሆነ፣ ቀደም ብሎ ከሚሞላው ጋር ገብቶ ልክ በዚያ ሰዓት መሃል ይደርሳል፤ ጭቃውን ውሃው በሸፈነበት ጊዜ ይሻገራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጎድለው ውሃ ራሱ በሌላው አፍ ይዞት ይወጣል። ሁለት ሰዓት ከዘገየ ግን አጉል ነው፤ ከጠቅላላው ጉድለት ግማሽ ያህሉ የሚሆነው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ደግሞ ቀና ብሎ ድልድዩን ማየት አለ። የመንገዱ ቋሚ ድልድዮች በአብዛኛው በሙላት ሰዓት 65 ጫማ፣ 19.8 ሜትር ያህል፣ ከሥራቸው ክፍት ይተዋሉ፤ ድልድዩ እግር ላይ ያለው ሰሌዳ ውሃው በወጣ ቁጥር አነስተኛ ቁጥር ያሳያል። የጀልባዋ ሆድ ውሃው እንዲወጣ ሲመኝ ምሰሶዋ እንዲወርድ ይመኛል።

«ታዲያ ጨረቃ ሥራ የላትም?» አላት። ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ከፀሐይ ጋር ተሰልፋ ልዩነቱን ሃያ በመቶ ግድም ታሰፋዋለች፤ ሰዓቱንም የምትይዘው እሷ ናት፣ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል የሚዘገየው በእሷ ነው። የበረታ የምዕራብ ነፋስም ውሃውን ከዳርቻው ገፍቶ የሙላትና የጉድለቱን ሰንጠረዥ ያፋልሳል። «ለምን አይጠረግም?» ለሚለውም መልስ አለ፤ መንገዱ በአሜሪካ ጦር የምህንድስና ኮር ሥር ነው፣ ይጠረጋልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጄኪል ክሪክ የወጣ ጭቃ በአጠገቡ ባለ ረግረግ ሣር ላይ በስሱ እንዲረጭ ተሞክሯል። ይህ ረግረጉን ከፍ ከሚለው ባሕር እኩል ያራምደው እንደሆነ ከአንድ ቦታ ሙከራ አይደመደምም፤ የሣሩ ዓይነት፣ የጭቃው ውፍረት፣ የወለሉ መስመጥ ሁሉ ይለያያል። ማሽኑ ሠርቶ ሲሄድ ግን ሁለቱ ፍሰቶች በሚቀጥለው ሙላት እዚያው ይገናኛሉ።