ኪንድል ከመግዛትዎ በፊት፦ የሚባለውና እውነቱ

ዘመድ ከውጭ ሊመጣ ሲል «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ይጠይቃል። ንባብ ለሚወድ ሰው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው ኪንድል ቶሎ ትዝ የሚል መልስ ነው። ዕቃው በእርግጥ ጥሩ ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ውስጥ ግን ገዢን የሚያሳስት ብዙ አለ፤ በተለይ በአማርኛ የሚያነበውን።

«ታብሌት ካለኝ ምን ያደርግልኛል?»

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስልክና ታብሌት ብርሃን አመንጭተው ወደ ዓይን ይልካሉ። ኪንድልና እንደ እሱ ያለው ማንበቢያ ኮቦ የሚሠሩት ግን ኢ-ኢንክ በሚባል ስክሪን ነው። በስክሪኑ ውስጥ የፀጉር ውፍረት የሚያህሉ እንክብሎች ተደርድረዋል፤ በየእንክብሉም ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ነጩ ይወርዳል፣ ፊደል ይታያል። ከዚያ በኋላ ገጹ እስኪቀየር ድረስ ስክሪኑ ኃይል አይፈልግም። በጠራራ ፀሐይ ስልክ ሲደበዝዝ ይህኛው ጥርት ብሎ የሚነበበው ደግሞ እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ነው። ቪዲዮ ለማየት ግን አይሆንም፤ ስክሪኑ ቀርፋፋ ነው።

«አንዴ ቻርጅ ከተደረገ 10 ሳምንት ይቆያል»

የኪንድል አምራች አማዞን ይህን ቁጥር ያወጣው በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ የስክሪኑ መብራትም ቀንሶ ሲነበብ ነው። ሲደመር 35 ሰዓት ይሆናል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያነብ ሰው በ12 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያም ቢሆን ትልቅ እፎይታ ነው።

«ከፍዬ የገዛሁት መጽሐፍ የኔ ነው»

ብዙ ጊዜ የሚገዛው የማንበብ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» ከደንበኞቹ ኪንድል ላይ ከርቀት ሰርዟል። ምክንያቱ ቅጂዎቹን ለሽያጭ ያቀረበው አካል መብቱ ስላልነበረው ነው። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ድርጅቱ የተገዛን መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል መጫን የሚያስችለውን አማራጭ ዘግቷል። ዕድሜ ልክ ሊያቆዩት የሚፈልጉትን መጽሐፍ በወረቀት ይግዙ።

«አማርኛ መጽሐፎቼን ሁሉ እጭንበታለሁ»

ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። ማንበቢያው የግዕዝ ፊደል ማሳየት ያቅተዋል ማለት አይደለም፤ አዳዲሶቹ ኪንድልና ኮቦ ፎንት ከኮምፒውተር መጫን ይፈቅዳሉ፤ እንደ አቢሲኒካ ያሉ ነፃ ፎንቶችም አሉ። ችግሩ ያለው በእጃችን ባሉት ፋይሎች ላይ ነው።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የአማርኛ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ የወረቀት ገጽ ስካን ናቸው። ለማሽኑ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደሉም፤ ፊደሉን ማሳደግ አይቻልም። በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ገጹን እያጎሉ ግራና ቀኝ መግፋት ነው፤ ቀርፋፋ ስክሪን ላይ ደግሞ ይህ ንባብ አይባልም። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ደራሲው ሳይፈቅድ የተባዙ ናቸው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚከለክለው ነገር ነው።

ስካን ያልሆኑትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። በእነሱ የተተየበ መጽሐፍ ኢፐብ ወደሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ሲቀየር «ሀ» እና «ለ» ጠፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ይወጣል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በስልክዎ ይሞክሩት። የሚወዱትን የአማርኛ ፒዲኤፍ ይክፈቱ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣትዎን አቆይተው ኮፒ ያድርጉና ለራስዎ በሚላክ መልእክት ላይ ይለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ጥሩ ነው፤ ሊሠራ ይችላል። ዝብርቅ ከወጣ የድሮ ፎንት ሳይሆን አይቀርም። ጭራሹኑ ጽሑፉን አልመርጥ ካለ ስካን ሳይሆን አይቀርም።

በስልክ መተግበሪያ የሚሸጡት የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ የሚከፈቱት እዚያው መተግበሪያው ውስጥ ነው፤ ኪንድል ላይ አይገቡም። አንድሮይድ የሚጠቀሙት እንደ ቡክስ ያሉ ማንበቢያዎች መተግበሪያ ስለሚቀበሉ የተሻለ ዕድል አላቸው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛ ረጃጅም መጻሕፍት የሚያነብ፣ በተለይ ተማሪና ተመራማሪ፣ ይግዛ፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ብቻ ከ70,000 በላይ ነፃ መጻሕፍት ይጠብቁታል። ንባቡ በአብዛኛው አማርኛ የሆነ ሰው ለጊዜው ገንዘቡን መጽሐፍ መደብር ቢወስደው ይሻለዋል። አሳታሚዎቻችን ሆይ፣ በዩኒኮድ የተተየበውን ፋይል በእጃችሁ ይዛችኋል፤ በኢፐብ ሽጡልን፤ ከፍለን እንገዛለን።